ባለ ሰማንያ ኦሙ ማዳመጫ

ሣህሉ ሁለቱን የማዳመጫ ጎኖች በመዳፎቹ ጆሮው ላይ ደፍቆ ትንፋሹን ዋጠ። ከመቀበያው የሚመጣው አሸዋ በወንፊት ሲነፋ እንደሚሰማው ያለ ሹክሹክታ ብቻ ነበር። የግድግዳው ሰዓት ስድስት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ይላል። ጀልባዋ መልእክት መላክ ያለባት ልክ በስድስት ሰዓት ነው፤ ያውም ለአምስት ደቂቃ ብቻ።

የመንግሥት ሞተር ጀልባ ረቡዕ ዕለት ስምንት ሰው ይዛ ከጥዖ ወደብ ወደዚህ ወደ አሰብ ተነሥታ ነበር። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሞተሯ ቀጥ አለ። የጀልባዋ የራዲዮ ሠራተኛ ከሊፋ ያን ጊዜ የላከውን ቃል ሣህሉ በእጁ ጽፎ ጠረጴዛው ላይ አኑሮታል፦ «ሞተር ተበላሽቷል። ነፋሱ ወደ ደቡብ ይገፋናል። ውኃ ትንሽ ነው። ባትሪው እየደከመ ስለሆነ ነገ በስድስትና በዘጠኝ ሰዓት ብቻ እንልካለን። የምናየውን ምድር እንነግራችኋለን።» ትናንት የሞርስ ምቱ ድምፅ ከወትሮው የቀጠነ መስሎት ነበር። ከባትሪው ነው ብሎ አለፈው።

አምስተኛው ደቂቃ አለፈ። ስድስተኛውም።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ሀብቴ አንገቱን በመሐረብ እየጠረገ ገባ።

«ምንም?»

«ምንም፣ አቶ ሀብቴ።»

«እንግዲህ ባትሪያቸው አልቋል ማለት ነው። የወደቡ ጀልባ ነዳጅ ሞልታ ቆማለች፤ ግን በዚህ ሁሉ ባሕር ወዴት ልላካት? ዘጠኝ ሰዓትን እንጠብቅ።»

ኃላፊው ሲወጣ ሣህሉ የመቀበያውን መዘውር አዞረና የምፅዋን ጣቢያ ፈለገ። በድሮው ማዳመጫ ጆሮ ይሰነጥቅ የነበረው ምፅዋ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚያወራ ሰው ሆኖ ተሰማው። ማዳመጫውን ከራሱ ላይ አውልቆ ጀርባውን ገለበጠ። የተጻፈውን ግን ሳያየውም ያውቀዋል። ሰማንያ ኦም፤ የሽቦው የመቋቋም ልክ።

የገዛው ባለፈው ሳምንት ነው። የድሮው ሲበላሽ ወደ ጀላሉ ሱቅ ሄዶ ነበር፤ ጀላሉ ከወሎ ወርዶ አሰብ የከተመ፣ ከባሕር ማዶ ከዓደን ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ነው። ሁለት ዓይነት አቀረበለት። አንዱ ባለ አራት ሺህ ኦም፣ ጎኖቹ ደረቅና ጆሮን እንደ ፒንሳ የሚጨመድዱ ናቸው። ሌላው ባለ ሰማንያ፣ ለስላሳ ቆዳ የለበሰ። የሰኔ ሙቀትና ላብ የሣህሉን ጆሮዎች አቁስሏቸው ነበር። ቆዳውን በጣቱ ዳሰሰና ወሰደው።

ሳያውቅ ቢሆን ይሻለው ነበር። የጣቢያው መቀበያ አሮጌ ስለሆነ የሚያወጣው ጉልበት ጥቂት ነው። እንደ ፀጉር በቀጠነ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመ፣ ኦሙ ከፍ ያለ ማዳመጫ ይፈልጋል። ባለ ሰማንያው ወፍራም ሽቦና ጥቂት ጥምጥም ስላለው፣ ብርቱውን ድምፅ ቢያሰማም ደካማውን ያስቀረዋል። የጀማሪ ትምህርት ነው። ለከሊፋ ይህንኑ ያስተማረው ራሱ ሣህሉ ነበር። ያን ቀን ግን፣ ጣቢያዎቹ ሁሉ ጮኸው ነው የሚሰሙት፣ ምን ይጎድልብኛል ብሎ አሰበ።

ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ደረጃው ላይ ጦይባ ተቀምጣለች፤ የጀልባዋ መሪ የኑህ ሚስት ናት። ጎሕ ሲቀድ መጥታ ከዚያ አልተነሣችም።

«ምን አሉ፣ አቶ ሣህሉ?»

ዓይኗን ሳያይ «አልላኩም» አላት። «በዘጠኝ ሰዓት ይልካሉ።»

«ኢንሻአላህ» አለች ጦይባ፤ ነጠላዋንም ወደ ፊቷ ሳበች።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ሱቆቹ ሁሉ ተዘግተው፣ መንገዱ ላይ ከነፋሱ በቀር የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ሣህሉ እስከ መስጊዱ ሮጠና ጫማዎቹ ከተደረደሩበት ደጃፍ ቆመ። የሶላቱ ድምፅ በመስኮት ይወጣል። ገብቶ ሊጣራ አይችልም። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣበቀ፣ ምላሱ ደረቀ፤ ይህን ጊዜ ውኃ ያለቀባቸው ሰዎች ትዝ ሲሉት በጥማቱ አፈረ። ከበሩ ወዲህ ወዲያ እያለ፣ ከሊፋ የመላኪያውን ቁልፍ ሲመታ በዓይነ ኅሊናው ያየዋል፤ መምታት፣ ማቆም፣ ማዳመጥ፣ እንደገና መምታት።

ሕዝቡ መውጣት ሲጀምር የጀላሉን ክንድ ያዘ።

«ያ ደረቁ ማዳመጫ፣ ባለ አራት ሺው፣ አለህ?»

«ምነው ወንድሜ፣ ሰላምታ እንኳን የለም?» ካለ በኋላ ፊቱን አየና አብሮት መሮጥ ጀመረ።

ሱቁን ከፍቶ ባንኮኒው ላይ ሁለት ካርቶን አኖረ። «የመርከብ ሰዎች ገዝተው ጨረሱት። የቀረው ይሄ አንድ ነው፤ እሱንም ጨው በልቶታል። አንድ ጎኑ ሞቷል፤ ወላሂ ልሸጥልህ አፍራለሁ። ይልቅ ይሄኛውን ባለ ስድስት መቶውን ውሰድ። አዲስ ነው፣ ሁለቱም ጆሮ ይሠራል።»

«ባለፈውም የተሻለ የሚመስለውን ነው የወሰድኩት» አለ ሣህሉ። «ሎሚ አለህ?»

ጀላሉ እንደ እብድ አየው፤ ግን ከጓዳ ሎሚ አመጣለት። ሣህሉ ሎሚው ደካማ ባትሪ እንዲሆነው በአንድ በኩል ምስማር፣ በሌላ በኩል የመዳብ ሳንቲም ሰካበትና የአዲሱን ማዳመጫ ጫፎች አስነካ። ከጆሮው የደረሰው ቅንጣት ኮሽታ ነው። ጨው የበላውን ሞከረ፤ ጭራሽ ዝም። ክዳኖቹን ፈትቶ ጎኖቹን ለየብቻ ፈተነ። ግራው በድን ነው። ቀኙን ሲያስነካው ደረቅ ጭራሮ እንደተሰበረ ቋ አለ።

«ይሄ ነው» አለ። «አንድ ጆሮ ይበቃኛል።»

እዚያው ባንኮኒው ላይ የሞተውን ጎን ቆርጦ ጣለና ሽቦውን አገናኘ። መጨረሻውን ያጠበቀለት ጀላሉ ነው።

ጣቢያው ሲደርስ ዘጠኝ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ጦይባን አልፏት ገባ። ደረቁ ጎን ቁስሉ ላይ ሲቀመጥ ዓይኑን ጨፈነ። ምፅዋን ሞከረ፤ ጮኸበት። ወደ ጀልባዋ ሞገድ መለሰውና ጠበቀ። አቶ ሀብቴ ከኋላው ቆሟል።

በዘጠኝ ሰዓት መጣ። እጅግ ቀጭን ነበር፤ ግን የከሊፋ እጅ ነው። ረጅሞቹን ምቶች አለቅጥ እንደሚጎትት ሣህሉ ስንት ጊዜ ገሥጾታል። እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ሮጠ፦

«ከሊፋ ነኝ። በስድስት ሰዓት የበይሉል የምድር ጫፍ በስተምዕራብ ይታየን ነበር። ደጋግመን ላክን። መልስ አጣን። ኑህ የሚሰማን የለም ብሎ ምድር ሳይርቅ እየዋኘ ሄደ። አሁን ምድር አይታይም። ውኃ አልቋል። ትሰማለህ?»

ሣህሉ ቁልፉን መታ፦ «እሰማለሁ። እየመጣን ነው።» ከወዲያ አንድ ረጅም ምት ጀመረ፣ እየቀጠነ ሄደ፣ ጠፋ። ባትሪው አበቃ።

አቶ ሀብቴ ወረቀቱን ነጥቆ ወደ ወደቡ ሮጠ። ከበይሉል ጫፍ ተነሥቶ ነፋሱ በሦስት ሰዓት ውስጥ የት እንደሚያደርሳቸው ማስላት የባሕር ሰዎቹን አልቸገራቸውም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አገኟቸው። ቅዳሜ ማለዳ ጀልባዋ ተጎትታ ስትገባ ሰባቱ በሕይወት ወረዱ። ከሊፋ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ በሁለት ሰው ተደግፎ ነበር። ሣህሉን ሲያይ ቆመ።

«ጋሼ፣ በስድስት ሰዓት የት ነበርክ?»

«ባትሪያችሁ ደክሞ ነበር፣ ልጄ» አለ አቶ ሀብቴ ቀድሞ። «ሂድ፣ ዕረፍ።»

የበይሉል ሳምቡክ ጀልባዎች ኑህን ቅዳሜም እሑድም ፈለጉት። አላገኙትም። እሑድ ወደ ማታ፣ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ባለ ሰማንያ ማዳመጫ አይቶ ነገሩን የተረዳው አቶ ሀብቴ ሣህሉን ለብቻው ጠራው።

«ሰውየውን የበላው ባሕር ነው። በስድስት ሰዓት ያልሰማኸው በማዳመጫው ምክንያት እንደሆነ ካንተና ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ብትናገር ከሥራህ ትባረራለህ፣ ምናልባትም ትታሰራለህ። ኑህን ግን አያስነሣውም። ይገባሃል?»

«ይገባኛል።»

«ሰባት ሰው ማትረፍህን አስብ።»

ሰኞ ጠዋት ሣህሉ ለቅሶ ሄደ። የኑህ ቤት ከወደቡ ሠራተኞች ሰፈር መጨረሻ ላይ ነው። ጫማውን ደጃፍ አውልቆ ገባ። ጦይባ በሴቶች መካከል ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ሦስት ቀን አንድ ሰው ላይ ይህን ያህል ዓመት ይጨምራል ብሎ አስቦ አያውቅም። ስታየው ልትነሣ ሞከረች።

«ተቀመጪ፣ እህቴ።»

«ጀላሉ ነግሮኛል» አለች። «በፀሐይ ስትሮጥ እንደዋልክ፣ በተሰበረ ዕቃ እንደሰማህላቸው። የኔ ድርሻ ይሄ ሆነ፤ የአላህ ነው። ያንተን ውለታ ግን አልረሳም። አላህ ጤና ይስጥህ።»

ሴቶቹም «አሚን» አሉ። አንዷ ሣህሉ የሚቀመጥበት ቦታ ለቀቀች፤ ሌላዋ ውኃ አቀረበችለት። ውኃውን ተቀብሎ ሳይጠጣ መሬት ላይ አኖረው። አመስግኖ፣ ጥቂት ተቀምጦ፣ እግዜር ያጽናሽ ብሎ መውጣት ይችላል። በሩ ክፍት ነው። አቶ ሀብቴም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።

ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተንበረከከ።

«ጦይባ፣ በስድስት ሰዓት አልላኩም ያልኩሽ ውሸቴን ነው» አላት። «ልከው ነበር። ያልሰማኋቸው እኔ ነኝ። ለምን እንዳልሰማሁ ልንገርሽ።»