በረኪና የሚሸተው ኩሬ

ኦቦ ገለታ ይቅርታ ሊጠይቋት ሲመጡ ማስተዋል ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነበር።

"ኢንታላ ኮ፣ ውሃሽን አበላሸሁብሽ" አሏት ኮፍያቸውን አውልቀው። "ዓሦቹን የፈጀኋቸው እኔው ነኝ። ለመኖ ይሆናል ብለውኝ ኩሬው ውስጥ እበት ስጨምር ነበር። ያን የመሰለ ንጹሕ ውሃ ለቅቀሽልኝ!"

ማስተዋል የያዘችውን ቀሚስ እንደገና ጨመቀችው፤ ቀድሞም ተጨምቆ ነበር።

ከጎጃም ተመድባ ነቀምቴ ከመጣች ጀምሮ የእሳቸው ተከራይ ናት። ተከራይ ማለት ለወጉ ነው እንጂ፣ "ኢንታላ ኮ"፣ ልጄ፣ እያሉ ከማዕዳቸው ለይተዋት አያውቁም። የምትሠራው ከተማው ዳር ባለ የፍሳሽ ማጣሪያ ነው። ተጣርቶ የሚወጣው ውሃ ወንዝ ይገባል፤ ከማጣሪያው በታች ኦቦ ገለታ ከወንዙ ውሃ የሚጠልፍ ኩሬ ቆፍረው የዓሣ ጫጩት ከአንገር ጉቲን ድረስ በጀሪካን አስመጥተዋል።

በዚያ ውሃ የተማመኑትም በእሷ ምክንያት ነው። ተቅማጥ በገባ ጊዜ ቀበሌ አዳራሽ ቆማ "በረኪና በረኪና የሚል ውሃ አትፍሩ" ብላ አስተምራ ነበር። ስለ መጠጥ ውሃ መናገሯ ነበር፤ ሰው ግን የሚይዘው የጣመውን ነው። ኦቦ ገለታ ወንዙን አሸተቱ፣ በረኪና በረኪና አላቸው፣ ደስ ብሏቸው መቆፈር ጀመሩ።

በኋላ ማጣሪያውን ጎብኚ ሊያየው ነው ተባለ። ማስተዋል ግቢው እንዳይሸት ክሎሪኑን አበዛችው፤ ክሎሪኑን የሚያከሽፈው መድኃኒት ደግሞ ካለቀ ሰንብቷል። ክሎሪን ፍሳሹ ውስጥ ከቀረው ቆሻሻ ጋር ሲገናኝ ሌላ መርዝ እንደሚወልድ፣ ያም የዓሣን መተንፈሻ እንደሚያቃጥል ዩኒቨርሲቲ ተምራዋለች፤ ያውም በጥሩ ውጤት። ጎብኚዎቹ አጨበጨቡላት። አለቃዋ "በዚሁ ቀጥይ" አላት፤ ቀጠለች። የኦቦ ገለታ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው የተንሳፈፉት በዚያው ሰሞን ነው።

"እበቱ ላይሆን ይችላል" አለች በለሆሳስ። "ምናልባት ክሎሪኑም ትንሽ..."

"ተይ፣ አታጽናኚኝ። ቦንቱ እበቱን ተው ብላኝ ነበር። ሚስቴን አለመስማቴ ነው።"

ማስተዋል እፎይ አለች። እፎይ ማለቷ ራሱ ወዲያው አሳፈራት፤ ሽማግሌው ጥፋቷን ተሸክመውላት እሷ ቀለላት። ፊቷ እሳት ሆነ።

ኦቦ ገለታ ከኮታቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ በረኪና አወጡ። "አዲስ ጫጩት ሳላስገባ ኩሬውን ላጽዳው ብዬ ነው። ስንት ልጨምር? እንደ አንቺ ውሃ እንዲሆንልኝ።"

ጠርሙሱን ከእጃቸው ወሰደችው።

"ዓሦቹን የገደላቸው ይኼ ነው፣ ኦቦ ገለታ። ያበዛሁት እኔ ነኝ። ለጎብኚ ብዬ። ወደ እርስዎ እንደሚወርድ እያወቅኩ። ወንዙ ዳር እንቁራሪት የማይሰማውም በዚሁ ነው። እበትዎ ምንም አላደረገም።"

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አገላበጡት።

"የሞቱትን ስለቅም ባልዲውን የያዝሽልኝ አንቺ ነሽ።"

"እኔ ነኝ።"

"ያን ጊዜም ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ኮፍያቸውን አጠለቁና ወደ ቤታቸው አመሩ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ፊታቸውን ግን አላዞሩም።

"ቦንቱ ምሳ አቅርባለች" አሏት። "ይግቡ፣ ኢንጂነር።"