የቦይ ዳር ጎደሬ

ክንዱ ቡሬ ዳር ካለው የማኅበር አትክልት ቦታ፣ ከገዛ መደቡ ላይ ጎደሬ ሲተክል ደስ ብሎት ነበር። አንዴ ተተክሎ በየዓመቱ የሚበላ ነገር ከየት ይገኛል? በሁለተኛው በጋ ግን ሥሩ ልጅ በልጅ እየሆነ ድንበሩን አልፎ የመልካሙን ሽንኩርት ከሥር ይፈነቅለው ጀመር። መልካሙ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው፤ በመሬት ሽግሽጉ ጊዜ ክንዱን «ቢሮክራት ነው፣ መሬቱ ይቀነስ» ብለው እጅ ካወጡበትም አንዱ።

ክንዱ በደርግ ዘመን ለጥቂት ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ሆኖ ነበር። በመሠረተ ትምህርት የለቀማት ፊደል ጦስ ሆነችበትና መሬቱ ለሌላ ተሸነሸነ። የተተወለት ጭንጫ ዘሩን እንኳ አይመልስም። እሱንና ሚስቱን ያምሮትን የምታበላ ይህች መደብ ናት። ደንቡ ደግሞ ቁርጥ ነው፦ ተክሉ ሰው መደብ የገባበት፣ መደቡን ይለቃል።

«ሽንኩርቴን ምን ነካው?» ብሎ መልካሙ ሲጠይቅ ሰማ። በማግሥቱ ሰው ሳይነሣ ዶማውን ይዞ ወረደ። የተሻገረውን ቆፍሮ አወጣው፤ ግን የት ያድርሰው? ቤት ቢወስደው መንገድ ላይ ይታያል፤ ዳር ቢከምረው ይመሰክርበታል። ገልመጥ ገልመጥ አለና ቦዩ ውስጥ ዘረገፈው። ውሃው ይዞለት ሄደ። ያ ቦይ በወረፋ የሁሉንም መደብ የሚያጠጣ መሆኑ፣ ከፍርሃቱ ብዛት ትዝም አላለው።

ከርሞ ከርሞ መደቧ ከክንዱ በታች ከሆነችው ከንግሥቴ ነጭ ሽንኩርት መሐል ጥቅልል ያለ ቅጠል ብቅ አለ። ቀጥሎ ከሌሎቹ ቃሪያና ጎመን። ክንዱ አሳቦ እያለፈ ይነቅላል፤ የተበጠሰው ተመልሶ ያቆጠቁጣል። እንቅልፍ አጣ።

ጎደሬ በየሰዉ ጓሮ አለና የማን እንደሆነ ስላልታወቀ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የማኅበሩ ሰዎች ተሰበሰቡ።

«ይህ ጎደሬ መቼም በእግሩ አልመጣ» አለ መልካሙ።

«በክንፉ ይሆናላ!» አለች ንግሥቴ። ሰው ሳቀ። ክንዱም ሳቀ።

«አያ ክንዱ፣ እርስዎ ምን ይላሉ? ያኔ ማኅተም ይዘው ሁሉን ያውቁ አልነበር?» አለ መልካሙ።

«እኔ ምን አውቄ?»

መደባቸው ከክንዱ በላይ የሆነው እማማ ወለተ ኢየሱስ፣ በክፋት ሳይሆን እንዲያው ገርሟቸው፣ «ከኔስ አልበቀለም እኮ! የበቀለው ከክንዱ መደብ በታች፣ ውሃው ከሚወርድበት ነው» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ ክንዱ ዞረ። ክንዱ ሳያስበው ተንበረከከ። «ስለ ሥላሴ! ያምሮትን ምን ላብላት?»

ብዙ ተባለ፤ በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ፈረዱ። መደቡን እስከ ጉልበት ቆፍሮ ዙሪያውን ድንጋይ ይቅበር፤ ከየሰዉም መደብ ጎደሬውን ለቅሞ ያውጣ።

«እስከ መስቀል» አለ መልካሙ። «ከዚያ ወዲያ አንዲት ቅጠል ብትታይ ይልቀቁ።»

ክረምቱን ሙሉ በጭቃ ተንበርክኮ አፈር በጣቱ አበጠረ። ጥፍር የማታህል ፍሬ ሲያገኝ ከኪሱ ይከታታል፤ ከሥር የቀረውን ግን ማን ያውቃል?

የመስቀል ማለዳ ሰው ሁሉ ከደመራው እያለ ለመጨረሻ ጊዜ ሊያይ ወረደ። የንግሥቴ ንጹሕ ነው። የሌሎቹም። ከመልካሙ መደብ ጥግ አንዲት እርጥብ ጥቅልል ቅጠል ቆማለች። ጎንበስ ሊል ሲል ከኋላው ሳል ሰማ። ቶሎ ረገጣት።

«እንኳን አደረሰዎ፣ አያ ክንዱ» አለ መልካሙ።

«እንኳን አብሮ አደረሰህ!»

«ወዲህ ይምጡ እንጂ፣ ምን እዚያ አቆመዎ?»

«እግሬን ደንዝዞኝ ነው፣ የኔ ጌታ። ትንሽ ልቁምበት።»

መልካሙ እግሩን አየው። ከዚያ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ቦዩ ዳር ተቀመጠ።

«በዓል ነው፣ ምን ሥራ አለኝ?» አለ። «እስኪለቅዎ እጠብቃለሁ።»