ቱታ በጣርማ በር

ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ይወቀው፤ የደብረ ብርሃኑ በግ ነጋዴ አቶ ወልደጻድቅ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ቱታ ለብሰዋል። አረንጓዴ ነው፤ በጎንና በጎኑ ነጭ መስመር ይወርዳል። ይህንኑ ለብሰው አሁን የጣርማ በርን ዳገት እየሮጡ ነው። ሩጫ ከተባለ።

ባለቤታቸው ይታይሽ ጋቢያቸውንና የሆስፒታሉን ካርድ ታቅፋ ከኋላ ትከተላለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ቀጠሮው ነገ ጠዋት ነው! ዛሬ አዲስ አበባ ካልገባን አለቀ።"

"አልሄድም አልኩሽ። መድኃኒቴ እዚህ ነው።"

የካንሰር ዕጢው ከአንጀታቸው በቀዶ ጥገና ቢወጣም ርዝራዡ ቀርቷል። የመጀመሪያው ዙር መድኃኒት ሳምንት ሙሉ ሲያስመልሳቸው ሰነበተ። ለነገ የተቀጠረውን ሁለተኛውን ዙር እየፈሩ ሳሉ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ሳሌም አንድ ወሬ ጣል አደረገች። ሰው ብስክሌት እያስነዳች ደሙን ከመንዳቱ በፊትና በኋላ ትመረምራለች። ላብ በላብ ሲሆን፣ ካንሰር የሚገድሉት ነጭ የደም ሕዋሳት እንደ ወታደር ከየሰፈራቸው ወጥተው ደም ውስጥ ይበዛሉ አለች። ቀሪውን አቶ ወልደጻድቅ በራሳቸው ሞያ ሞሉት፦ በግ ደጋ በወጣ ቁጥር ጸጉሩ ይደነድናል፤ ወታደሩም አየር በሳሳ ቁጥር ይጠነክራል። ከደብረ ብርሃን ደግሞ ጣርማ በር በከፍታ ይበልጣል!

ይታይሽ ለሳሌም ደውላ የስልኩን ድምፅ ከፈተችው።

"ጋሼ፣ የት ነዎት?"

"ጣርማ በር። ወታደር እያሠለጠንኩ።"

"ወይኔ ጉዴ! እነሱ እኮ ሰዓት ሳይሞላ ወደየሰፈራቸው ይመለሳሉ። ሩጫው መድኃኒቱን ያግዝ እንደሆነ ገና እያጠናን ነው። መድኃኒቱን ይተካል ያለዎት ማነው?"

"አየሩስ? ስስ ነው እኮ!"

"ዕጢው ውስጥ ከዚያም የባሰ ነው ጋሼ። አየር ያጥራል። ወታደሮቹ የሚደክሙት እዚያ ሲገቡ ነው።"

"የደጋ ሰው ወታደርም?"

"የደጋም።"

"ዝጊው" አሉ ለይታይሽ፤ እልህ ይዟቸው የመኪናው መንገድ ወደሚያልፍበት ዋሻ አፍ ሮጡ። ሃያ እርምጃ። ከዚያ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ዘጭ አሉ። በግ የሚነዱ አንዲት ሴት "እንዴት አደሩ?" ሲሏቸው ትንፋሽ አጥሯቸው እግዜር ይመስገን ማለት እንኳ አቃታቸው። ሴትዮዋ አልፈው ሄዱ። አቶ ወልደጻድቅ እያለከለኩ በጨለማው ዋሻ ላይ አፈጠጡ፤ ሳሌም የደጋም ያለችው አሁን ገባቸው።

ከዋሻው አንድ ሚኒባስ ብቅ ሲል ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ።

"ወዴት ነው?" አለ ረዳቱ።

"አዲስ አበባ። ሁለት ሰው።"

ይታይሽ ክው አለች። "አሁን አልሄድም ስትል አልነበር? ምን አግኝቶህ ነው?"

"ጋቢዬን አምጪ።"

"ምን አግኝቶህ ነው እያልኩህ!"

ጋቢውን ቱታው ላይ ደረቡ፤ ካርዱን ከእጇ ወስደው ሚኒባሱ ውስጥ ገቡ።

"አልናገርም።"