ይልቃል አፉን የለጎመበት ቅዳሜ

ይልቃል ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ኦስሎ ከተማ አውቶቡስ የሚነዳ፣ የሁለት ልጆች አባትና የአንድ ክለብ ባሪያ ነው። ክለቡ አርሴናል ነው። አርሴናል ይልቃል የሚባል ሰው መፈጠሩን አያውቅም፤ ይልቃል ግን አርሴናል የተሸነፈ ዕለት ራት አይበላም። ሚስቱ ሐና መጀመሪያ መጀመሪያ ታባብለው ነበር፤ በኋላ ግን ውጤቱን እያየች ወጡን መቀነስ ለመደች። ደም ግፊት ተገኝቶበት የቤተሰብ ሐኪሙ «የሚያስጨንቅህ ነገር አለ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ይልቃል ትንሽ አፈር ብሎ «አርሴናል» አለ። ፈረንጁ ብዕሩን አስቀምጦ አየው። «እኔ የቶተንሃም ነኝ» አለ በመጨረሻ፤ «ለዚህ የሚሆን መድኃኒት ቢኖር ኖሮ ቀድሜ የምውጠው እኔ ነበርኩ።»

እንዲህ ያለውን ሰው ለመቅጣት ደግሞ እግዜር በየነን ፈጠረ። በየነ የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነው። ሁለቱ የተገናኙት ስደተኛ ሆነው በገቡበት ዘመን፣ ከሰሜን ኖርዌይ በረዶ መሀል በአንድ ሞታክ፣ በስደተኞች መጠለያ ውስጥ ነው። መጠለያው ለዚያ ሁሉ ሰው የነበረው አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ ቴሌቪዥን ፊት መጀመሪያ ተጣሉ፣ ከዚያ ተዋወቁ። ከዚያ ወዲህ የመኖሪያ ፈቃድ መጣ፤ ሥራ መጣ፤ የበየነ ትዳር መጥቶ ሄደ፤ አንዲት ልጁ ሮሆቦት አድጋ በርገን ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ እሱም ፉሩሴት ሰፈር ፎቅ ላይ ብቻውን ቀረ። ስድቡ ግን አንድም ቅዳሜ ተቋርጦ አያውቅም።

ስድብ ሲባል ዝም ብሎ ስድብ አይደለም፤ ወግ ያለው ነው። ማንቼ ሲሸነፍ ይልቃል የሐናን ነጠላ አዘቅዝቆ ይለብስና ፎቶ ተነሥቶ ይልካል። «ለቅሶ ልደርስ ነበር፣ ድንኳኑ የት ነው የተተከለው?» ይላል። አርሴናል ሲሸነፍ ደግሞ በየነ ይደውልና ድምፁን እንደ ዕድር ዳኛ ዝቅ አድርጎ «ሟች ብዙ ታመው ነበር ወይስ በድንገት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሠልስቱ መቼ ነው፣ ተዝካሩ ላይ ጠላው እንዳያልቅ፣ ንፍሮውን ማን ቀቀለው፤ እንዲህ እንዲህ እያሉ ሳምንቱን ይገፉታል። ሁለት ሽበታም ሰዎች።

ከዚህ የተረፈውን ቦታ ሌላ ሌላ ነገር ይሞላዋል። «አርሴናል እኮ ሚዜ ነው» ይላል በየነ። «ሱፉን ይለብሳል፣ ያጅባል፣ ይጨፍራል፤ ሙሽራይቱን ይዞ የሚሄደው ግን ሌላ ነው።»

«ማንቼ ደግሞ መሬቱ የተወረሰበት የባላባት ልጅ ነው» ይላል ይልቃል። «ርስቱ ከሄደ ስንት ዘመኑ! እሱ ግን ዛሬም ሰው ሁሉ እጅ እንዲነሣው ይጠብቃል።»

እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡም አይማሩም። የበየነ ክለብ ቀያይ ሰይጣኖች ተብሎ ይጠራ የለ? ይልቃል ቄሱ ሲያሳልሙ ጠብቆ «አባ፣ ይህን ሰውዬ ይምከሩልኝ፤ አስቀድሶ ወጥቶ ሰይጣን ይደግፋል» ይላል። ቄሱም የሁለቱንም ግንባር በመስቀል ጠበቅ አድርገው መታ መታ ያደርጉና ያልፋሉ።

ታዲያ ግንቦት ውስጥ አንድ ሐሙስ ቀን እትዬ ተናኘ ለይልቃል ደወሉ። እትዬ ተናኘ የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ ታላቅ ናቸው፤ ልጅ ሲወለድ ገንፎ፣ ሰው ሲሞት መርዶ የሳቸው ነው። ስልካቸው ከጠራ ሰው መጀመሪያ የሚያዳምጠው ትንፋሻቸውን ነው።

«የበየነ እናት ዐረፉ» አሉ። «እኅቱ ማኅደር ከጎንደር ደውላ ነገረችኝ። እሱ አልሰማም።»

እንዳይሰማም ተባለ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ በር አንኳኩቶ፣ ግራና ቀኝ ደግፎ ይዞ ነው የሚነገረው። ኦስሎ ላይ ደግሞ ሰው የሚሰበሰበው ከፈረቃ ሲወጣ ነውና ቀኑ ለእሑድ ጠዋት ተቆረጠ። ሮሆቦትም ቅዳሜ ከበርገን ትመጣና እትዬ ተናኘ ቤት ታድራለች።

«አንተ ቅዳሜን ያዝልኝ» አሉት። «ኳስ አላችሁ አይደል? ስልኩን አርቅበት። አንዱ የዘመድ ልጅ ፌስቡክ ላይ ሻማ ለጥፎ ብቻውን እንዳያረዳብን። እንደ ወትሮህ ሁን ልጄ፤ ነገሩ እንዳይሸተው።»

«እንደ ወትሮዬ እሆናለሁ፣ እትዬ ተናኘ።»

ስልኩን ዘግቶ አለቀሰ። የበየነን እናት በአካል አያውቃቸውም፤ በየነ ሲደውል ግን ስልኩን ይቀበልና ሰላም ይላቸው ነበር፤ እሳቸውም «የልጄ ባላንጣ ደህና ነህ?» እያሉ ይስቁ ነበር። የፈራውም ነገር ነበረው። ሞታክ ሳሉ አንድ ልጅ የአባቱን ሞት ኮሪደር ላይ ቆሞ በስልክ ሰማ። ማንም ሳይዘው ወደ ክፍሉ ገብቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፤ ለስንት ቀን እህል አልቀመሰም። ይልቃል ያንን ልጅ አልረሳውም። በየነ ያንን ባዶ ቤት ከፍቶ ገብቶ፣ ብቻውን፣ እንዲያ እንዳይሆን። የሚፈልገው ይህን ብቻ ነበር።

ቅዳሜ በየነ ቀዩን ማሊያ ለብሶ ቫይትቬት፣ ይልቃል ቤት መጣ። የዕለቱ ጨዋታ አርሴናል ከማንቼ ነው። ገና ሲቀመጥ ይልቃል ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ።

«ባትሪህ ሊያልቅ ነው፤ ልሰካልህ።»

«ሰማንያ ፐርሰንት አለው እኮ!»

«ሰማንያ ምን አላት» አለና መኝታ ቤት ወስዶ ፍራሽ ሥር ከተተው። ለራሱ ጥሩ ጅምር መሰለው።

ጨዋታው ብዙም ሳይቆይ አርሴናል አገባ። ይልቃል ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሣና አፉን ከፈተ፤ «ነፍስ ይማር!» ሊል ነው። ጥርሱ ላይ ሲደርስ ያዘው። ሳለ፤ ውኃ ጠጣ፤ ተቀመጠ። ድንኳን ሊል አሰበ፤ አይሆንም። ነጠላው ወንበር ላይ ተሰቅሎ ያየዋል፤ እሱም አይሆንም። ሠልስት፣ ተዝካር፣ ንፍሮ፤ የተማረው ስድብ ሁሉ ከለቅሶ ቤት የተለቀመ ኖሯል። እንደ ወትሮዬ እሆናለሁ ያለው ሰውዬ እንደ ወትሮው የሚሆንበት አንድ ቃል አጣ።

ሁለተኛው ጎል ገባ።

«ኦፍሳይድ ትመስላለች» አለ ይልቃል።

በየነ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ነቅሎ ዞረ። «ምን አልክ?»

«እግሩ ትንሽ አልፎ… እንጃ።»

«ያገባችሁት እናንተ ናችሁ እኮ!»

«እውነት ለመናገር ብዬ ነው እንጂ» አለ ይልቃል፤ ዕድሜ ልኩን ኳስ እያየ ሲኖር እውነት ተናግሮ የማያውቀው ሰው።

በዕረፍቱ ሰዓት በየነ ተንጠራራና እጁን ዘረጋ። «እስኪ ስልኬን፤ እማዬ ጋ ልደውል። ቅዳሜ ቅዳሜ ትጠብቀኛለች።»

«ኔትወርክ የለም!» አለ ይልቃል። እንዴት ፈጥኖ እንዳለው ለራሱም ገረመው። «አገር ቤት ነው የምልህ። ከጠዋት ጀምሮ ተቋርጧል አሉ።» ወጥ ቤት ውስጥ ከሐና እጅ ጭልፋ ወደቀ።

በየነ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየው። «እሺ» አለ፤ እጁን ሰብስቦ ተቀመጠ።

ሦስተኛው ጎል ሲገባ ይልቃል በሆዱ ስለት ጀመረ። ማንቼን እንዲህ የሚዘርር ቀን አምጣልኝ እያለ ስንት ዓመት የለመነ ሰው፣ ዛሬ ተገልብጦ ማንቼ አንድ እንኳ እንዲያገባ ለቅዱስ ሚካኤል ጧፍ ይሳላል። ሚካኤል ግን የቀደመውን ልመና ነው የሰማው፤ አራተኛው ገባ። አራት ለባዶ! የሕይወቱ ጨዋታ ነው፤ ይልቃልም ሕመም እንደያዘው ሰው ሶፋውን ጨብጦ ተቀምጧል። ቢጮህ አንድ ነገር ያመልጠዋል፤ ዝም ቢል ያስነቃል። መሀሉን ልያዝ አለና እጁን በበየነ ትከሻ ላይ አሳረፈ።

«አይዞህ» አለው። «ቡድናችሁ ወጣት ነው። ይደርሳል።»

በየነ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ድረስ ዓይኑን ከሜዳው ላይ አላነሣም፤ ከፊሽካውም በኋላ ማስታወቂያውን አየ። ሐና ያቀረበችውን ራት በላ። ሊሄድ ሲነሣ በሩ ላይ ይልቃልን አቅፎ ቆየ።

«ደህና እደር፣ ወንድሜ» አለው።

ደረጃውን ወረደ። ስልኩን አልጠየቀም።

ይልቃል በመስኮት ወደ ቲባነው፣ ወደ ምድር ባቡሩ ጣቢያ፣ ሲሄድ እስኪሰወር አየውና እትዬ ተናኘ ጋ ደወለ። «አልሸተተውም!» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረ። «ስልኩን እንኳ ጥሎት ሄደ። ሽንፈቱ አደንዝዞታል።»

«ተባረክ፣ ብልህ ልጅ» አሉት።

ሐና በሩ ላይ ቆማለች። «ወንድሜ አለህ እኮ» አለች። «በየነ መቼ ነው ወንድሜ ብሎህ የሚያውቀው?»

«አራት የገባበት ሰው ያለውን ያውቃል እንዴ?» አላትና ራቱን ደግሞ በላ። በዚያን ዕለት ከርሱ የረቀቀ ሰላይ ኖርዌይ ውስጥ የነበረ አልመሰለውም።

እሑድ ጠዋት ፉሩሴት ሕንፃው ሥር ተሰበሰቡ። ጥቁር የለበሱ ሰዎች ድስት ታቅፈው በሹክሹክታ ሲያወሩ፣ ውሻዋን ይዛ የወጣች ፈረንጅ መንገድ ቀየረች። እትዬ ተናኘ ሰውን አሰለፉ። ሮሆቦት ከኋላ ትምጣ፤ ይልቃልና ሌላ አንድ ጉልበታም ሰው ግራና ቀኝ ይሁኑ፤ ቄሱ ይናገሩ። ይልቃል ሸሚዙን እየደጋገመ ያስተካክላል። ሁሉም ነገር እንደ ታሰበው ሆኗል።

እትዬ ተናኘ ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሡ በሩ ገርበብ ብሎ ጠበቃቸው።

ሶፋው ወደ ግድግዳ ተጠግቷል። ወለሉ ላይ ፍራሾች ተነጥፈዋል። በየነ ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ ጋቢ ደርቦ፣ ከፍራሾቹ በአንዱ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ አብጧል። ሰዎቹን ሲያይ ተነሣ፤ ሮሆቦት ከኋላ ጥሳ መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ያኔ ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ።

የመጀመሪያው ለቅሶ በረድ ሲል እትዬ ተናኘ ቀስ ብለው ዞሩ። «ማነው የነገረው?» አሉ። ጥያቄው ለሁሉም ነበር፤ ዓይናቸው ግን ይልቃል ላይ ነው። የሁሉም ዓይን ተከተላቸው።

«እኔ አልነገርኩም!» አለ ይልቃል። ላብ አጠመቀው። «በመድኃኔ ዓለም! ስልኩም ይኸው፣ እኔ ጋ ነው ያደረው!» ከኪሱ አውጥቶ አሳየ። ያን ጊዜ ደግሞ ይበልጥ ሌባ መሰለ።

«ተዉት፣ እሱ አልነገረኝም» አለ በየነ። ድምፁ ሻክሯል። «አልሰደበኝም እንጂ።»

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«አራት ገባብን። ነጠላውን ዘቅዝቆ ይመጣል ብዬ እጠብቃለሁ፤ እሱ አይዞህ ይለኛል። ይልቃል አይዞህ ካለኝ ከቤቴ ሰው ሞቷል ማለት ነው።» ጋቢውን ሰበሰበ። «በዕረፍቱ ኔትወርክ የለም ያለኝን ሳስብ ደግሞ እማዬ እንደሆነች ገባኝ። ከዚያ በኋላ ኳሱንም አላየሁት።»

ይልቃል ስልኩን እንደያዘ ወደ እሱ ጠጋ አለ። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» አለ። «ብቻህን እንዳትሰማው ብዬ እኮ ነው! ብቻህን አደርክ እኮ በየነ!»

«ምን ላድርግ፤ በጣም ለፋህ» አለ በየነ። «ኦፍሳይድ ነው እስክትል ድረስ ለፋህ። ልፋትህ ከንቱ እንዳይሆንብህ ብዬ ነው።»

ይልቃል ከዚያ በኋላ መቆም አልቻለም። ከልጅቱም ከአባትየውም በላይ አለቀሰ፤ በየነን ሊደግፍ የመጣው ጉልበታም ሰው ይልቃልን ሲደግፍ ዋለ። ዘግይተው የደረሱ ሰዎች የሚነፋረቀውን አይተው ቀጥ ብለው ወደ እሱ መጡ፤ «የናት ሞት ከባድ ነው፣ እግዜር ያጽናህ» አሉት። እሱም ከለቅሶው ብዛት «የኔ አይደለችም» ማለት አቃተው።

በየነ ዓይኑን በጋቢው ጠረገና ቀና ብሎ አየው። «ትናንት በኳስ፣ ዛሬ በለቅሶ፤ ሁለቱንም በለጥከኝ» አለው። ከዚያ ፍራሹ ላይ ፈቀቅ አለና እጁን ስቦ ከጎኑ አስቀመጠው። ሰዉም እየገባ ለሁለቱም በየተራ እያጎነበሰ እጅ ነሣ።