ምልክት የተደረገበት ቤት

እንኳየሁ ጎንደር ውስጥ አራት ቤተሰብ የሚጋራው አንድ አሮጌ የቀበሌ ቤት ውስጥ ትኖራለች። የእሷ ድርሻ አንዲት ክፍል ናት። እህቷ ራሔል ጦርነቱን ሸሽታ ልጆቿን ይዛ ከዛሪማ ከመጣች ወዲህ፣ በሩን ለመክፈት የተኛ ሰው መቀስቀስ ግድ ሆነ።

በግንቦት ወንድምአገኝ የሚባል የከተማው ቤቶች ባለሙያ ቤቱን ሊያይ መጣ። የጓሮውን ግድግዳ በመዳፉ ሲጫነው ጭቃው ተንዶ ጫማው ላይ ወረደ። በቀይ ቀለም ምልክት አደረገበት።

«ይህ ክረምት አይሻገርም። ሳይዘንብ ውጡ።»

«ወዴት?» አለች እንኳየሁ።

«ለጊዜው ወደ ቀበሌው አዳራሽ። ከዚያ ምትክ ቤት ይሰጣችኋል።»

ጎረቤቷ አያ ገብረ ሚካኤል ከደጃፋቸው ሆነው፣ «ምነው ልጄ፣ አድሳችሁ ብትተውልን?» አሉት።

«አያ፣ የሚታደስ አይደለም።»

ወጡ። ቤቱ ታሸገ። አዳራሹ ግን ከሌላም ሰፈር በወጡ ሰዎች ተጨናንቆ ነበር። በቤተሰብና በቤተሰብ መካከል ያለው አንሶላ ብቻ ነው፤ ሽንት ቤቱ ሞልቶ ይፈሳል። የራሔል ትንሿ ልጅ ሳል ያዛት፣ አልለቃትም።

«ቤታችን እኮ ባዶውን ቆሟል» አለች ራሔል። እንኳየሁ አልተከራከረቻትም። ቁልፉን ሰብረው ተመለሱ።

ወንድምአገኝ ሰምቶ እየሮጠ መጣ። «በፖሊስ አስወጣችኋለሁ!»

«ያንተ ልጅ ብትሆን እዚያ ታሳድራት ነበር?» አለችው ራሔል።

ወደ ውስጥ አየ። ልጅቱ ጥግ ይዛ ታስላለች። «እስከ ሰኞ የተሻለ ቦታ ልፈልግላችሁ» ብሎ ሄደ።

እሑድ ከሰዓት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። እንኳየሁ ልጆቹን ይዛ ጎረቤት ግቢ ተጠለለች። ራሔል መኝታው እንዳይበሰብስ ልታነሣ ገባች። ግድግዳው የወደቀው ያኔ ነው። ሰፈርተኛው በእጁም በአካፋም ቆፍሮ አወጣት፤ ነፍሷ ግን ወጥታ ነበር።

ወንድምአገኝ ለቅሶ መጣ። ከድንኳኑ ዳር ተቀመጠ። ያናገረው ሰው የለም።

ከተዝካሩ በኋላ፣ ልጆቹን ይዛ ወደ ተመለሰችበት አዳራሽ መጥቶ ለእንኳየሁ የአንዲት ክፍል ቁልፍ ሰጣት። አዘዞ በኩል ናት፤ ግድግዳዋ ብሎኬት ነው።

«አደጋ ለደረሰበት ቅድሚያ ይሰጣል።»

«እህቴ ባትሞትስ?»

መሬት መሬት እያየ፣ «ተራ ትጠብቁ ነበር» አላት።

ቁልፉን ፊቱ ላይ ልትወረውረው ከጀለች። ልጆቹን አየችና ጨበጠችው።

አያ ገብረ ሚካኤል ፍራሹን ተሸክመው እስከ ባጃጁ ሸኟቸው። «ሸጋ ቤት ያድርግላችሁ» ብለው የልጆቹን ግንባር ሳሙ። ባጃጁ ሲነሣ፣ ዝናቡ እንዳያገኛቸው ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ አዳራሹ ተመለሱ።