ወለተ ሐና የምትባል የለችም

ናዝራዊትን ፊደል ያስቆጠርኋት እኔ ነኝ። ዛሬ የጤና ባለሙያ ሆና፣ በአራዳ የሳንባ ነቀርሳ የተገኘባቸውን ሕፃናት ቤት በካርታ ላይ በቀይ ነጥብ ታመለክታለች፤ ነጥብ ባረፈበት ቤት የሚያድሩ ሁሉ ይመረመራሉ። ሥራው መልካም ነው። ያንገበገበኝ ካርታውን በአቶ ዘገዬ ፊት ዘርግታ ቤት እንዲፈልግላት መጠየቋ ነው፤ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር፣ ያውም ጴንጤ። አርባ ዓመት ጠበል እየረጨሁ የፒያሳን ጓዳ ሁሉ የዞርሁትን እኔን የጠየቀኝ የለም።

አንድ ማለዳ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ፣ ከኬክ ቤት ደጃፍ አገኘኋቸው።

«የኔታ፣ ይባርኩኝ!» አለች ብድግ ብላ።

«ይባርክሽ» አልሁና ካርታውን ገላመጥሁት።

«አባ፣ ገነትን ገና አላገኘናትም፤ ውቤ በረሃ ላይ ነን» ሲል አቶ ዘገዬ ቀለደ። እርሷም ሳቀች። ሳቋ እንደ ሬት መረረኝ።

«አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ቀረችን» አለችኝ። «ነርሶች ጠበል ቦታ መርምረው ተገኘባት። ጋሼ ቤት ለቤት ጠይቀው አጧት።»

«ወለተ ሐና የምትባል የለችም» አለ እርሱ፣ ስሙን ከዝርዝሩ ሊሰርዝ ብዕሩን እያነሣ።

ወዲያው ገባኝ። ጠበል ቦታ የሚሰጠው የክርስትና ስም ነው፤ ሰፈሩ የሚያውቃት ግን ምኞት ብሎ ነው፤ የንስሐ ልጄ የሰርክአዲስ ልጅ ናት። በሰማንያ ቀኗ ወለተ ሐና ያልኋት እኔው ነኝ። አንድ ቃል ብናገር ካርታው ይሞላል፤ ምስጋናው ግን የእርሱ ይሆናል። «እግዚአብሔር ይርዳችሁ» ብዬ አለፍሁ።

ዘጠኝ ቀን ዝም አልሁ። በቅዳሴ ሰላም ተባባሉ ሲባል አንገቴን መድፋት ጀመርሁ። በዐሥረኛው ቀን ሰርክአዲስ ቤት ገባሁ። ምኞት ታናሽ ወንድሟን አቅፋ ታስላለች።

«ከተገኘባት እንፈልግሻለን ብለውኝ ነበር፤ ሲቀሩ ጊዜ ዳነች ብዬ ደስ አለኝ፣ አባ» አለች እናቲቱ። ሕፃኑም አሳለ።

በቀጥታ ወደ አቶ ዘገዬ ሄድሁ። «ወለተ ሐና ማለት ምኞት ናት» አልሁት።

«ተመስገን!» ብሎ ጃኬቱን አነሣ። «ዛሬ ነው ያወቁት?»

አዎ ልል ነበር። «የዚያን ማለዳ ነው» አልሁት።

እጁ ጃኬቱ ላይ ቀረ። «ቤቱን ያሳዩኝ» ብቻ አለ።

በመንገድ ለናዝራዊት ደወለላት። «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እንዴት አገኟት?» የሚል ድምፅዋ እስከ እኔ ተሰማ።

ዘወር ብሎ አየኝ። «አባ ነገሩኝ» አላት፤ ሌላ አልጨመረም።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ በዚያች ሰዓት ደግነቱም አስቀናኝ።