ባሕሩን ማን ወሰደው?

«ወንድሜ እዚህ አገር ስቆ ያውቃል?» አሉ እትዬ ትርንጎ፣ ለቀስተኛው ወጥቶ ሳሎኑ ጋብ ሲል።

ጌጤ ጎረቤት ያመጣውን የምስር ወጥ ድስት እንደያዘች ቆማ ቀረች። ባሏን ጥሩነህን ልቡ ድንገት ከድቶት ከቀበሩት ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቃት የለም። እትዬ ትርንጎ ታላቅ እህቱ ናቸው፤ ለለቅሶው ከጎንደር ኦስሎ፣ ሐበሻ ከበዛበት ከሊንደበርግ ሰፈር ድረስ የመጡ። እናታቸው ስትሞት አዝለው ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። ከደረሱ ጀምሮ የሚሰሙት ግን አንድ ነገር ነው፤ የእድሩ ሊቀመንበር ጥሩነህ ኮስታራ ነበር፣ ሲናገር አዳራሹ ጸጥ ይል ነበር፣ ጥርሱን ያየ የለም። ሰዉ እንግዲህ ማመስገኑ ነው።

«እኔ ያሳደግሁት ልጅ እኮ በቅዳሴ መሀል እየሳቀ ነው ጆሮውን ሲቆነጠጥ ያደገው» አሉ። «ከፍቶት ከኖረ ንገሪኝ፤ እችለዋለሁ።»

ጌጤ መልስ አላት፤ አፏን የያዛት መሐላ ነው። ምን ልበል ስትል በር ተደወለ።

የመጣው ፊሊፕ ነው፤ ከጥሩነህ ጋር አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ኖርዌጂያዊ፣ የሸራ ጀልባ ያለው። ፍራሹ ላይ እግሩን አጣጥፎ ለመቀመጥ ሲታገል ቆየና ተስፋ ቆርጦ ዘረጋው። ከዚያ በአገሩ ቋንቋ ማውራት ጀመረ፤ በባዶ እጁ ገመድ እያሰረ፣ ወደ ታች እየጠቆመ፣ እንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ ይስቃል።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ ትርንጎ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ ነው የሚለው።»

«ይህን ሁሉ ስቆ?»

ጌጤ አንገቷን ደፋች። «እትዬ፣ እንዳልናገር አስምሎኛል። ጥሩነህ ይሙት ብዬ ነው የማልኩለት።»

እትዬ ትርንጎ እጇን ያዝ አደረጓት።

«ሞቷል እኮ፣ ልጄ። ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው።

ያለፈው ሐምሌ ነው። ሦስቱ በፊሊፕ ጀልባ ከኦስሎ ተነስተው ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገሩ። ጌጤን መንገዱን ሙሉ ሲያስመልሳት ነበር፤ ሁለተኛ አይለምደኝም እያለች። አንድ ቀን ጠዋት ትንሽዬ ወደብ ገቡ፤ የድንጋይ ግንብ፣ ጥቂት የዓሣ ጀልባዎች፣ ዓሣ የሚጠበስባት አንዲት ሱቅ። ውሃው እስከ ግንቡ አፍ ሞልቷል። ገመድ ማሰር የጥሩነህ ሥራ ነው፤ ኦስሎ እንደለመደው አሳጥሮ ጥብቅ አደረገው፤ ፊሊፕም አይቶ ጎበዝ አለው። የኦስሎ ባሕር ጨዋ ነው፤ ወጣ ወረደ ቢባል ከስንዝር ብዙም አያልፍም። እዚያ ግን ባሕሩ በየቀኑ ተነስቶ ይሄዳል፤ ከሰዓታት በኋላ ሞልቶ ይመለሳል። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፤ እጃቸው ግን የለመደውን ሠራ።

ዓሣቸውን በልተው ሲመለሱ ውሃው የለም። ጀልባዋ በአጭሩ ገመድ ተንጠልጥላ እንደ ታጠበ ልብስ ግንቡ ላይ ተሰጥታለች፤ ከሥሯ ጭቃ ብቻ ነው። የወደቡ ሰው ተሰብስቦ ያያል፤ ፊሊፕ ፀጉሩን ይዞ ይጮኻል። ጥሩነህ ጭቃውን አየ፣ ጀልባዋን አየ፣ እጁን ወገቡ ላይ አደረገና በዚያ በእድር ስብሰባ ድምፁ፣

«ጌጤ፣ ባሕሩን ማን ወሰደው?» አለ።

ከዚያ ሳቁ መጣ። ተቀምጦ ሳቀ፣ ተጋድሞ ሳቀ፤ ፊሊፕ ገመዱን ቆርጦት ጀልባዋ ጭቃው ውስጥ ዘጭ ስትል እንደገና ጀመረው። ደግነቱ ምንም አልሆነችም። ባሕሩ እስኪመለስ ግንቡ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ፀሐይ ሲሞቁ ዋሉ። ጌጤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። «ሊንደበርግ ከሰማ ሊቀመንበርነቴ አበቃ» ብሎ ያስማላትም እዚያው ነው።

እትዬ ትርንጎ ሲያዳምጡ አገጫቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጌጤ አስለቀስኳቸው ብላ ፈራች።

«ባሕሩን ማን ወሰደው አለ?»

«እንደሱ ነው ያለው።»

«እሱ ነው!» አሉ። «እሱ ራሱ ነው፤ አልተለወጠም!» ከሆዳቸው ሳቁ፤ ልክ እንደ ጥሩነህ፣ ትከሻቸው እየዘለለ። ፊሊፕም አማርኛው ሳይገባው አብሮ ሳቀ። ጌጤን ባሏ ክፉኛ ናፈቃት፤ ናፍቆቱ ሳይለቃት ሳቁ እሷንም ያዛት። ወዲያው በር ላይ የለቀስተኛ ድምፅ ሰማች። ደንግጣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች።

እትዬ ትርንጎ የራሳቸውን እንባ ሳይጠርጉ እጃቸውን ዘረጉና ነጠላውን ከአፏ ላይ ቀስ አድርገው አወረዱላት።